ሙቱኤል ማለት እርስ በርስ

የኔታ ቮክለን የተገኙት ከተመልካቾች የእንጨት ማማ ጀርባ፣ ወደ ድርቆሽ ቤቱ በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ ነበር። ዕለቱ እሁድ ነው። ጀምበር ጠልቃለች፤ ለፈረስ ሩጫው የመጣው ሕዝብም ተበትኖ በቫልሜር ሜዳ ላይ የቀረው የተጣለ ትኬትና የፖም ልጣጭ ብቻ ነው። ድርቆሽ ሊያወጣ የወረደ አንድ የፈረስ ቤት ሠራተኛ በጨለማው ውስጥ እግሩ ሰው ነካና ጮኸ።

ሃምሳ አለቃ ኦኖሬ ታርዲፍ ፋኖስ ይዞ ሲደርስ ሽማግሌው በጎናቸው ተጋድመው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ደረጃው ዘርግተው አገኛቸው። ሬሳ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። በከተማይቱ የዣንዳርም፣ ማለትም የፖሊስ፣ ጣቢያ አለቃ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እኚህ ሰው ግን ፊደል ያስቆጠሩት፣ ብዕር አያያዝ ሲሳነው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፈው ያሳዩት አስተማሪው ናቸው።

ሐኪሙ ተንበርክኮ ጭንቅላታቸውን ዳሰሰ፣ ኮታቸውን አየ፤ ከዚያ የተጨበጠውን ቀኝ እጃቸውን በብዙ ትግል ከፈተው። መዳፋቸው ውስጥ የአረንጓዴ ወረቀት ቁራጭ ነበረ። የውርርድ ትኬት ጥግ ነው። ቁጥሩ ከመካከሉ ተቀዶ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች፣ «17»፣ ብቻ ናቸው።

«የኔታ? ትኬት?» አለ ሠራተኛው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ውርርድ ነውር ነው ሲሉን የኖሩት የኔታ?»

«ዝም በል!» አለው ታርዲፍ።

ሐኪሙ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ። «ሁለት አዝራር ተበጥሷል። ብቻውን የወደቀ ሰው አዝራሩን ማን ይበጥስበታል? ከላይ ተገፍተው ነው። ደግሞ ወዲያው አልሞቱም፤ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ሳይቆዩ አይቀሩም። የሰማ ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር።»

በታርዲፍ ሱሪ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የተቀደደ ሌላ አረንጓዴ ትኬት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ያንን ትኬት ሰው ሳያየው ሊቀድ እዚሁ ማማ ጀርባ መጥቶ ነበር። ከሥር፣ ከደረጃው ግርጌ፣ ድምፅ ሰምቶ ነበር። ሰምቶም ሄዷል።

መርማሪው ዳኛ ሙሴ ኮሳር ሰኞ በመጀመሪያው ባቡር ገቡ። አጭር ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል፤ ድምፃቸውም ተዘግቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷቸዋል። ሊሰማቸው የፈለገ ሰው ወደ ፊታቸው መጠጋት ነበረበት፤ ሲጠጋ ደግሞ እሳቸው ዓይኑን ያዩታል።

«ጸሐፊዬ ታሟል» አሉ ታርዲፍን። «የአንተ የእጅ ጽሕፈት መልካም ነው ይባላል። ቃላቸውን አንተ ትጽፍልኛለህ።»

«ጽሕፈት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ለእሳቸው ስትል በጥንቃቄ ጻፍ። አንድም ቃል አትጣል፣ አንድም አትጨምር።»

በማዘጋጃ ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ሆኖ የቀረበው ጋስፓር ቲሬል ነው። ቲሬል ሃያ ዓመት ሙሉ አንገቱ ላይ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ሳጥን ላይ ቆሞ ሰው ሲያወራርድ የኖረ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሕግ ወጥቶ የግል አወራራጅ ሁሉ ተከለከለ፤ የተፈቀደው «ፓሪ ሙቱኤል» የሚባለው፣ ሰው ሁሉ መደቡን፣ የሚወራረድበትን ገንዘብ፣ አንድ ቋት ውስጥ ጥሎ ያሸነፉት የሚካፈሉበት ውርርድ ብቻ ሆነ። ቲሬል ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሥራ ፈት ነው።

«በሉ እሰሩኝ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «አገሩ ሁሉ ጣቱን እኔ ላይ ቀስሯል። የኔታን የሚጠላ ማን ነው? ቲሬል! ማን ይገፋቸዋል? ቲሬል! ቆይ፣ ባለፈው ወር የማዳም ኦርታንስ ድመት የሞተችውስ በማን ነው?»

«ተጣልታችሁ ነበር?» አሉ ዳኛው በሹክሹክታ። ቲሬል ተጠጋ።

«ሰድበውኛል። የድሃ ኪስ ትል ብለውኛል። ግን ፊት ለፊት ነው፤ እኔም ፊት ለፊት መልሻለሁ። እንዲያውም ሙቱኤል ሲመጣ፣ 'ቲሬል፣ አንተ ትሻል ነበር' ብለው አስቀውኛል። እውነታቸውን ነው! እኔ ቃል ሰጥቼ፣ ዋጋዬን ተናግሬ፣ ስረታ ከኪሴ እከፍል ነበር። ይሄ ሙቱኤል ምን ዋጋ አለው? ምን ፊት አለው? ማንን ትሰድባለህ?»

«ትናንት ከሦስተኛው ሩጫ በኋላ የት ነበሩ?»

«ማማው ጀር... በሩ ጋ ነበርኩ። በሩ አጠገብ።» ቲሬል ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። ታርዲፍ ሁለቱንም ጻፈ።

ቀጥላ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት የነበረችው፣ አሁን ባሏ ሞቶባት ዳቦ ቤቱን ብቻዋን የያዘችው ማዳም ኦርታንስ ገባች። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት፤ ዛሬ ግን መሐረቧን እየጠመዘዘች ነው።

«እኔ ሜዳውን ረግጬው አላውቅም፣ ጌታዬ። እሁድ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ነበርኩ።»

«ጥሩ ልማድ ነው። አባ እንዴት ሰበኩ?»

«እንደ ሁልጊዜው። ረዘም አድርገው።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ ጠዋት ባቡር ጣቢያ አግኝቻቸው ነበር። ጥርሳቸውን አሟቸው ትናንት ከሰዓት ጸሎት አልነበረም አሉኝ።»

ማዳም ኦርታንስ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ አመድ መሰለ። «ብዙ ተሠቃዩ?» ብላ ጠየቀች።

«ማን ነው ተሠቃዩ ያለሽ?» አሉ ዳኛው።

ማዳም ኦርታንስ ተነሣች። ስትወጣ በሩን መክፈት አቅቷት ታርዲፍ ተነሥቶ ከፈተላት። ፊት ለፊት ተያዩ፤ ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ሦስተኛው ኢሲዶር ሮላን ነው። ሮላን የኔታ ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱን የተረከበ ወጣት መምህር ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ክሌማንስን አጭቷል። ውርርድን የሚቃወመውን ማኅበር ከየኔታ ጋር ያቋቋመው፣ በየእሁዱ በገበያው መካከል ቆሞ የሚናገረውም እሱ ነው። ከንግግሩ የተነሣ ስሙ እስከ አውራጃው ደርሶ፣ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሊሆን ነው ይባላል። ጥቁር ለብሶ መጣ። ዓይኑ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«አባቴ ነበሩ» አለ። «ልናገር የሚከብደኝን ነገር ልንገርዎ፤ ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚነግርዎ ይሻላል። እሁድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሦስተኛው ሩጫ ገና ሳይጀመር፣ ሜዳው በር ላይ አገኘኋቸው። አረንጓዴ ትኬት ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። 'ኢሲዶር፣ ስምንት ቁጥር ፈረስ ላይ ነው፤ ዘጠና አራት ፍራንክ ያመጣልኛል' ብለው እንደ ሕፃን ሳቁ። ልቤ ተሰበረ። ምንም ሳልመልስላቸው ቤቴ ገባሁ፤ ሃምሳ አለቃ መጥቶ እስኪያረዳኝ ድረስ የተማሪ ደብተር ሳርም ነበር። አንድም ሰው አላየሁም፣ ወሬም አልሰማሁም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ያንን ያህል የሚያመጣ ትኬት መያዛቸውን ሌላም ሰምቶ ይሆናል። ሜዳው ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሚውል ያውቃሉ።»

ታርዲፍ የሚጽፈው ወረቀት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወደቀ።

«ቀለም አንጠባጠብክ» አሉ ዳኛው።

«ይቅርታ ጌታዬ። ብዕሩ አርጅቷል።»

«ወረቀት ቀይርና ከመጀመሪያው ጻፈው።»

ታርዲፍ እንደገና ጻፈ። ምላሱ ላይ የመጣ ነገር ነበር፤ ዋጠው። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ የክብር ሜዳይ ተሸልሟል። ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሥራ ላይ ሳለ የሚወራረድ የዣንዳርም አለቃ ግን ሜዳዩንም ጣቢያውንም ያጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ድምፅ ነበር። አንዱን ከተናገረ ሌላውም ይከተላል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወደ የኔታ ቤት ሄዱ። ክሌማንስ የአያቷን ጠረጴዛ አሳየቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«እሁድ ማታ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ንግግር ሊያደርጉ ነበር» አለች። «ስለ ቃሉ። ስለ ፓሪ ሙቱኤል። አገሩ ሁሉ አፉን ይከፍትበታል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም ይሉ ነበር። ባለፈው ሣምንት አንዱ 'ፓሪማ ከተማዋ ፓሪስ ናት' ሲላቸው ሦስት ቀን ሳቁ። እሁድ ምሳ ላይ ደግሞ፣ 'ሳልቀምሰው ነውር ነው ስል ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የማያውቀውን የሚያወግዝ አስተማሪ ማፈር አለበት። ዛሬ አንድ ጊዜ እቀምሰውና ማታ ሰው ፊት እናዘዛለሁ' ብለውኝ ወጡ።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ኢሲዶር መጥቶ ጠይቆኝ ሜዳ ሄደዋል አልኩት እንጂ፣ ለምን እንደሄዱ አልነገርኩትም።»

ዳኛው የንግግሩን ወረቀት ወደ መስኮቱ ወስደው አነበቡት። ከዚያ ለታርዲፍ ሰጡት። «ጮክ ብለህ አንብብልኝ። ድምፅ የለኝም።»

ታርዲፍ ያንን የሚያውቀውን ቀጥ ያለ ጽሕፈት ማንበብ ጀመረ። «'ፓሪ ከተማ አይደለችም። ከጥንቱ የሮም ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሥሩ እኩል፣ አቻ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች እኩል መደብ ሲያስቀምጡ ተወራረዱ ይባላሉ። ሙቱኤል ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ እርስ በርስ የሆነ ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት አጋብቶ ስም ያወጣላቸው ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንድ የፓሪስ ነጋዴ ነው። ስሙም እውነት ይናገራል። ከአወራራጁ ጋር ስትወራረዱ እሱ ዋጋውን አስቀድሞ ይነግራችኋል። በሙቱኤል ግን ዋጋ የሚነግር ሰው የለም፤ ዋጋው የሚሠራው ከሁላችን መደብ ነውና። የመጨረሻው ሰው ጥሎ መስኮቱ እስኪዘጋ፣ ፈረሱም እስኪገባ ድረስ...'»

ታርዲፍ ቆመ።

«ቀጥል።»

«'...ትኬቱ ምን ያህል እንደሚያመጣ በምድር ላይ የሚያውቅ የለም። ያሸነፈው የበላው ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱን ግን አላየውም። ስለዚህ ማንም አያፍርም።'»

ዳኛው ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት። ታርዲፍን ለረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ወደ ሜዳው ሄደው ትኬት ሻጩን ሙሴ ብሌዝን ጠየቁት። ለሦስተኛው ሩጫ በስምንት ቁጥር ፈረስ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር የተጻፈባቸው ትኬቶች ተሽጠዋል። ፈረሱ አሸንፏል። ለእያንዳንዱ ትኬት ዘጠና አራት ፍራንክ መሆኑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። የክፍያው መስኮት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነበር፤ ከአንድ ትኬት በስተቀር ሁሉም ገንዘቡን ወስዷል።

«የመጨረሻውን ትኬት ማን ገዛ?» አሉ ዳኛው።

«እንጃ። መስኮቷ እጅ ብቻ ነው የምታሳየኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወል አንድ እጅ ገባ፣ ሰጠሁት፣ መዝጊያውን ጣልኩት።»

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ዳኛው ሁሉንም በየኔታ አሮጌ ክፍል ሰበሰቧቸው። ወንበር የለም፤ የልጆች አግዳሚ ብቻ ነው። ቲሬል ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ተቀመጠ። ማዳም ኦርታንስ ከጥግ፣ ሮላን ከክሌማንስ አጠገብ፣ ብሌዝ ከኋላ ሆኑ። ታርዲፍ በአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። ዳኛው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሙ፤ ሹክሹክታቸውን ለመስማት ሁሉም ወደፊት ዘንበል አለ።

«መጀመሪያ ሌባ ነው ብዬ አስቤ ነበር» አሉ። «ትኬቱ ከእጃቸው ተነጥቋል፤ አሸናፊ ትኬት ነው። ግን ሌባ ቢሆን ወደ ክፍያው መስኮት ለመሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ጊዜ ነበረው። አልሄደም። ያልተከፈለ አንድ ትኬት ቀርቷል። ስለዚህ ገዳዩ የፈለገው ገንዘቡን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ያ ወረቀት እንዳይታይ ነው የፈለገው።»

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም!» አለ ቲሬል። «እኔ ብሆን ሮጬ ነበር የምቀበለው!»

«እኔም እንደዚያ አሰብኩ፣ ሙሴ ቲሬል። እርስዎ ሌላ የሚያሳፍርዎ ነገር አለ። ማማው ጀርባ ተደብቀው ሲያወራርዱ ነበር።»

ቲሬል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«በዚህ ጉዳይ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ዋሽቶኛል። ሰው ግን የሚዋሸው ስለገደለ ብቻ አይደለም። የአብዛኛው ውሸት ከእፍረት ነው፤ እፍረት ደግሞ ይደብቃል እንጂ ጌጥ አይጨምርም። ማዳም ኦርታንስ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ብላ ዝም አለች። ቲሬል በሩ ጋ ነበርኩ ብሎ ዝም አለ። ሳልጠይቀው ዝርዝር የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሙሴ ሮላን፣ ከሩጫው በፊት የኔታ ትኬቱን አሳይተው ምን አሉዎት?»

«ነግሬዎታለሁ። ዘጠና አራት ፍራንክ ያመጣልኛል አሉ።»

«ከሩጫው በፊት።»

«አዎ፣ በፊት።»

ከኋላ ሙሴ ብሌዝ ሳያስበው «እንዴት ይሆናል?» አለ። ቲሬል አግዳሚውን በመዳፉ መታው። «ዋጋ የለውማ! ሙቱኤል አስቀድሞ ዋጋ የለውም! ስጮህ የኖርኩት እሱን አይደል?»

«እኔ ተወራርጄ አላውቅም» አሉ ዳኛው፤ «እርስዎም እንደዚያው፣ ሙሴ ሮላን። ሁለት ዓመት ያወገዙትን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። የኔታ ግን ጠይቀው ለሁላችን ጻፉልን። ዘጠና አራት የሚባል ቁጥር በስምንት ተኩል አልተወለደም። ከዘጠኝ ሩብ በፊት ማንም አፉ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የኔታን ያገኟቸው ከሩጫው በኋላ ነው።»

ሮላን ገረጣ፤ ድምፁ ግን አልተናወጠም። «ሽማግሌ ናቸው። በቀልድ የተናገሩት ቁጥር ገጥሞ ቢሆንስ? ቁራጩ ላይ ያለው አሥራ ሰባት ነው። መቶ አሥራ ሰባተኛውን በስድስት ሰዓት ገዝተውት ይሆናል። በአንድ ቀልድ ሰው ይሰቀላል?»

«አይሰቀልም» አሉ ዳኛው። «የገጠመ ቀልድ ቢሆን ፍርድ ቤት ይለቅዎታል። የኔታ ትኬቱን የገዙት ደወሉ ሲደወል መሆኑን ያየ ሰው ያስፈልገኛል። ያን ጊዜ ስምንት ተኩል ላይ የሚያሳዩት ትኬት አልነበራቸውም ማለት ነው።» ትንሽ ቆዩ። «እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሰኞ ዕለት ሙሴ ሮላን ዘጠና አራት ሲሉ፣ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበረ። እኔ ምንም አልታወቀኝም። እሱ ግን ታወቀው። ስሙን አልጠራም። ራሱ ይናገር እንደሆነ እጠብቃለሁ።»

ታርዲፍ የጻፈውን የመጨረሻ መስመር አየ። የጣቶቹ አያያዝ የኔታ እንዳስተማሩት ነበር። ብዕሩን አስቀመጠ፤ ሲነሣ የሰይፉ ሰገባ ጠረጴዛውን መታው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰልፉ ላይ ከፊታቸው ነበርኩ። በዩኒፎርሜ፣ በሥራ ሰዓት። ትኬቴን ይዤ ስዞር ከኋላዬ ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ሳቁ፤ 'ኦኖሬ፣ ዛሬ ሁለታችንም ከመንጋው የወጣን ጥቁር በጎች ነን' አሉኝ። ደወሉ ተደወለ፣ እጃቸውን አስገቡ፣ መዝጊያው ወደቀ። ከእሳቸው በኋላ የገዛ የለም።»

ማዳም ኦርታንስ ከጥግ ሆና «እውነቱን ነው» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነው የተሰማው። «እኔ ከማማው ምሰሶ ጀርባ ነበርኩ። ሁለቱንም አይቻለሁ።»

«ቀጥል፣ ሃምሳ አለቃ» አሉ ዳኛው። «ሌላም አለህ።»

ታርዲፍ ወደ ክሌማንስ ዞረ። እሷን እያየ መናገር አልቻለምና ግድግዳውን አየ። «ዘጠኝ ተኩል ላይ ትኬቴን ልቀድ ማማው ጀርባ ሄድኩ። ከደረጃው ሥር ሰው ጮኸ። 'የሰው ያለህ' አለ። ሁለት ጊዜ። ሰካራም ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰካራም እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር። ብወርድ ሰው ይሰበሰባል፣ በሩን ትተህ እዚህ ምን ትሠራለህ እባላለሁ ብዬ... ሄድኩ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ቲሬል ከጉልበቱ መካከል። «ከእኔ ጋር የተወራረዱት ሦስት ሰዎች ነበሩ። እነሱም ሰሙ። ተበተንን።»

ማዳም ኦርታንስ መሐረቧን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ማንም ምን ሰማሽ ብሎ አልጠየቃትም።

ሮላን ብቻውን ቆሞ ነበር። «እኔ ልገድላቸው አልፈለግሁም» አለ፤ የተማሪ ድምፅ መሰለ። «ሰው ሳያያቸው ወደ ቤት ልመልሳቸው ነው የሄድኩት። ሜዳው ላይ፣ ዋጋው የተጻፈበት ሰሌዳ ሥር አገኘኋቸው፣ ይስቃሉ። 'ማታ ለሕዝቡ አሳየዋለሁ፤ አንተም አጠገቤ ትቆማለህ' አሉኝ። ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው፣ ለመንኳቸው። ተቆጣጣሪ አድርጎ የሚሾመኝ ሰው የፊታችን ሐሙስ ከአውራጃው ይመጣ ነበር። በአገሩ ሁሉ ፊት ልንዋረድ ነው አልኳቸው። 'ውርደት አይገድልም፣ ልጄ' አሉኝ። ትኬቱን ልቀማቸው ታገልኩ...»

«ሲጮኹ እዚያ ነበርክ?» አለች ክሌማንስ። ከተሰበሰቡ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ሮላን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ክሌማንስ ከአጠገቡ ተነሥታ ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ወጣቱን መምህር ሁለት ዣንዳርሞች ወሰዱት። ሌሎቹ ግን ለብዙ ጊዜ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ በበሩ ቀድሞ መውጣትን ማንም አልደፈረም። ታርዲፍ ቃሉን በራሱ እጅ ጽፎ ፈረመበት፤ ሰይፉን ፈትቶ ወረቀቱ ላይ አኖረው።

ዳኛው ኮታቸውን እየለበሱ «ዝም ብትል ኖሮ እኔም ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም» አሉት።

«እሁድ ዝም ባልል ኖሮ ደግሞ እርስዎም ባልመጡ» አለ ታርዲፍ።

ቀብሩ ሐሙስ ሆነ። ቀጭን ዝናብ ይጥላል። አገሩ ሁሉ ወጥቷል፤ ግን እንደ ሌላ ቀን ቀብር ወሬ የለም፣ ሹክሹክታም የለም። ሣጥኑን ከቤተ ክርስቲያኑ በር የሚያነሡ ስድስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። የየኔታ ተማሪ ያልሆነ ወንድ በቫልሜር የለም፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ እኔ ተባብለው በተጋፉ ነበር። ያን ቀን አምስት ወጡና ስድስተኛው ጠፋ። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መሬት መሬት ያያል። ቲሬል አንድ እርምጃ ተራምዶ ተመለሰ።

ታርዲፍ ከሁሉም ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ዩኒፎርሙን ካወለቀ ሁለት ቀኑ ነው፤ የለበሰው ኮት የሠርጉ ነበርና ትከሻው ላይ ይጠበዋል። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ጠዋት በመንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ ሰላምታ ሰጥተውታል፤ ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ክሌማንስ ጥቁር መጋረጃዋን ከፊቷ ገልጣ በሕዝቡ ላይ ዓይኗን አዟዟረች። አጥሩ ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሙሴ ታርዲፍ» አለች፤ አልጮኸችም፣ ሁሉም ግን ሰማ። «አሁን እንኳን ይምጡ።»

ሰው መንገድ ለቀቀለት። ታርዲፍ ባርኔጣውን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት ጭቃው ላይ ጣለው፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከሣጥኑ ሥር አስገባ። የኔታ ቀላል ነበሩ። እሱ ግን እስከ መቃብሩ ድረስ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከኋላው ያለው ሰው በክንዱ ደግፎ ያዘው።